«የእኛ ናት» ከማለታችን በፊት

«ፈለሰ» የሚል የግዕዝ ግሥ አለ። ከነበረበት ተነቅሎ ሄደ፣ ተሰደደ እንደማለት ነው። ከዚህ ግሥ የተወለዱ ሁለት ቃላት እኛ ሰፈር ድረስ መጥተዋል። አንደኛው ፍልሰታ ነው። ነሐሴ ላይ በጎፋ ገብርኤል በኩል ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ነጠላ ያጣፋ የሕፃን መዓት ጾሞ ውሎ፣ ቆርቦ፣ ከሰዓት በኋላ በእናቱ እጅ ተይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ይታያል። ሁለተኛው ፈላሻ ነው። ይኼኛው ስድብ ነው። ሥሩ ያው ነው፤ ፈ፣ ለ፣ ሰ። የመጀመሪያውን ስንሰማ ብዙዎቻችን እናማትባለን። ሁለተኛውን ስንሰማም የሚያማትብ አለ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ይህን ያነሳሁት የሰዋስው ትምህርት ልሰጣችሁ አይደለም። ስለ አንዲት ዘፋኝ ላወራችሁ ፈልጌ ነው። ስለ እሷ ማውራት ስጀምር ግን ይኼ ቃል መንገድ ላይ ቆሞ አላሳልፍም ስላለኝ ነው።

ዘፋኟ አስቴር ራዳ ናት። ለማያውቃት በአጭሩ ላስተዋውቅ። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1985 በኬብሮን ከተማ አጠገብ ባለች ኪርያት አርባ በተባለች የአይሁድ ሰፈራ ነው። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ እስራኤል የገቡት እሷ ከመወለዷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው ጉዞ ነው። ያደገችው ሃይማኖት በሚጠብቅ ቤት ውስጥ ነው። አሥር ዓመት ሲሆናት ቤተሰቡ ወደ ነታንያ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2013 «ላይፍ ሃፐንስ» የተባለውን አጭር አልበሟን አወጣች፣ በዚያው ዓመትም እንግሊዝ አገር በግላስተንበሪ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ቆመች። በ2014 በራሷ ስም የተሰየመው ሙሉ አልበሟ ወጣ። ቀጥሎ የኒና ሲሞንን ዘፈኖች ተጫወተች፤ በ2017 ደግሞ ሌላ አልበም ደገመች። አብዛኛውን የምትዘፍነው በእንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው አልበሟ ውስጥ አንድ ዘፈን አለ፤ «ናኑ ነይ» ይላል። አዎ፣ የሙሉቀን መለሰ።

እስቲ ይቺን ዘፈን ቆም ብለን እንያት። ሙሉቀን የጎጃም ልጅ ነው። አዲስ አበባን በወጣትነቱ ያስጨፈረ፣ በኋላ ዓለማዊውን ዘፈን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ መዝሙር የገባ፣ አሜሪካ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፈ ሰው ነው። እሱ የተዋትን ዘፈን አንዲት ሙዚቃ ያለባት አይሁዳዊት እስራኤል ውስጥ አንስታ፣ ነሐስ መሣሪያ አሰልፋ፣ ሶል አልብሳ መልሳ ላከችልን። ኢትዮጵያን የማያውቅ ሰው «የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ ነች፣ ታዲያ የቤቷ ዜማ ይኼ ነው?» ብሎ ሊገረም ይችላል። ምን ያስገርማል? የቤቷ ዜማ ይኼው ነው። እስራኤል የገባው ኢትዮጵያዊ በሻንጣው የያዘው የዕብራይስጥ መዝሙር አልነበረም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ነበር ይዞ የሄደው። ሠርግ ላይ የሚጨፈረው እስክስታ ነበር። በኋላ ደግሞ ካሴቱ ተከተለው።

ለቡ አካባቢ ያለ አንድ ካፌ ውስጥ ይኼው ዘፈን ተከፍቶ ጠረጴዛችን ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ ጓደኛችን «የእኛ ናት» አለ። ሁለተኛው «ምን የእኛ ናት፣ እስራኤላዊት ናት እንጂ! ተወልዳ ያደገችው እዚያ፣ ፓስፖርቷ የዚያ» አለው። ሦስተኛው ስኒውን አስቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሰው ሐሜት እንደሚያወራ ሰው ወደ እኛ ጠጋ ብሎ «ፈላሻ ናት እኮ» አለ። ያቺን ድምፅ ዝቅ ማድረግ አስተዋላችሁልኝ? ልጁ ክፉ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ደህና ሥራ ያለው፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖር የዘመኑ ልጅ ነው። ድምፁን ዝቅ ያደረገው እሱ ሳይሆን አያቱ ናቸው፤ በእሱ አፍ ተናገሩ እንጂ።

የአያት ነገር ከተነሳ የእኔን አያት ላምጣ። እምዬ ጎንደር ገጠር ተወልዳ፣ ወልዳ ከብዳ፣ በስተርጅና ነው ልጆቿን ተከትላ ጎፋ የገባችው። ከጎንደር ካመጣቻቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዷ ጀበና ናት። አንገቷ ቀጭን፣ እጀታዋ ጠንካራ፣ ስንት ዓመት እሳት ላይ ተጥዳ ያልተሰነጠቀች ጀበና። «ማን ሠራት?» ስትባል «እነዚያ ናቸው» ትላለች። ስም የለም፣ «እነዚያ» ብቻ። ሸክላ ሠሪዋ ደጅ ስትመጣ እምዬ ያዘለችውን ልጅ ፊት በነጠላ ትሸፍን እንደነበር ራሷ ነግራናለች። ዓይን እንዳይወድቅበት! በሴትየዋ እጅ የተሠራው ጀበና ቤት ይገባል፣ ቡናው ይፈላበታል፣ ይጠጣል። ሴትየዋ ግን ከደጅ አታልፍም።

ይኼ የእምዬ የግል አመል አይደለም። አገር ያወቀው ሥርዓት ነበር። ቤተ እስራኤሎች ራሳቸውን የሚጠሩት «ቤተ እስራኤል» ብለው ነው፤ «ፈላሻ» ሌላው ያወጣላቸው ስም ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ወግተው ካሸነፏቸው በኋላ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ አዘዙ ተብሎ ይተረካል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የቀረችው የራስ አስተዳደራቸውም አበቃላት። ርስት የሌለው ገበሬ ምን ይሆናል? ወይ የሰው መሬት ያርሳል፣ ወይ እጁን ይጠቀማል። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሸመነ። ሴቷ ሸክላ ሠራች። የጎንደር ቤተ መንግሥቶች ሲገነቡ በግንበኝነትና በአናጢነት እንደሠሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቅሳሉ። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ጀበናው፣ ምጣዱ ከእጃቸው ወጣ። እኛ ደግሞ ምስጋናውን በምን ከፈልነው? «ቡዳ» በማለት። ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል በማለት። መሬቱን ከነሣነው በኋላ ባለ እጅ ሆነ፣ ባለ እጅ በመሆኑ ደግሞ ናቅነው። ነገሩ የዞረ ድምር ነው።

ይበልጥ የሚገርመው ግን ይህ ሁሉ ግንብ የተሠራው በማን መካከል እንደሆነ ስታዩ ነው። ቤተ እስራኤሎች ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ነው። የሚጸልዩት በግዕዝ ነው። የሃይማኖት መሪዎቻቸው ቄሶች ይባላሉ። ጸሎታቸውን በነጋሪትና በቃጭል ያጅባሉ። ኬይ ካውፍማን ሼለሜይ የተባለች አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚህ መጥታ ዜማቸውን ቀዳች። በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍ የደረሰችበት መደምደሚያ ብዙ ሰው አነጋገረ፤ የቤተ እስራኤል የጸሎት ሥርዓትና ዜማ ከኢትዮጵያ ክርስቲያን ገዳማት ወግ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው የሚል ነበር። በራሳቸው ትውፊትም አባ ሳብራ የሚባሉ መነኩሴ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ምንኩስናን እንዳስተማሯቸው ይነገራል። አያችሁ? በነጠላ ፊቱን የምንሸፍንለት ልጅና ደጅ የቆመችው ሴትዮ ልጅ፣ ሁለቱም የሰንበት ጠዋት የሚሰሙት ቋንቋ ግዕዝ ነበር። ሁለቱም ሲያድጉ የሚዘፍኑት በአንድ ቅኝት ነበር።

*

እንግዲህ ወደ መንገዱ እንምጣ። መንገዱን ሳያውቁ የእነ አስቴርን ሙዚቃ መስማት ፊልምን ከመሐል እንደመጀመር ነው።

የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤሎች አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ። በ1975 መንግሥቱም ወደ እስራኤል የመግባት መብታቸውን ተቀበለ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ የካቲት 1967 ዓ.ም፣ ደርግ የገጠር መሬትን ለሕዝብ አደረገ። ለዘመናት ርስት የተከለከለ ሕዝብ በሕግ ፊት መሬት ማግኘት የቻለው ያኔ ነው። ነገር ግን ብዙም አልቆየ፤ ጦርነቱ መጣ፣ ድርቁ መጣ። በ1976 እና 1977 ዓ.ም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም ባሉት ሳምንታት ከሱዳን ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በድብቅ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ዘመቻ ሙሴ ማለት ይኼ ነው። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። ከስምንቱ ጋር አራት አድርጋችሁ አስቡት፤ ከየሦስቱ አንዱ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ እዚሁ እኛ ከተማ ነው የተፈጸመው። መንግሥቱ ኃይለማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም ከአገር ወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 16 እና 17፣ አዲስ አበባ ተሰብስበው ወራት የጠበቁ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከቦሌ ተጫኑ። ወንበራቸው የተነቀለ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ አንዱ ጃምቦ ብቻውን ከአንድ ሺህ ሰው በላይ ይዞ ተነሳ። ከተማው በዚያች ሳምንት የሚያስበው ሌላ ነገር ነበረው፤ ግንቦት 20 ደጅ ላይ ነበር። ጎረቤቶቻችን በሁለት ቀን ውስጥ ሄዱ፣ እኛ ዜናውን ከጦርነቱ ዜና ጋር ደባልቀን ሰማነው።

ከዚህ የወጣ ሁሉ የሚያዜመው አንድ ነገር አለ። ጊሊ ያሎን ስሙት። ገና ሕፃን ሳለ ከቤተሰቡ ጋር በእግር ወደ ሱዳን የወጣ ልጅ ነው። በዚያ ጉዞ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ይዘፍን እንደነበር ይናገራል። የመጀመሪያ መድረኩ የአባቱ ትከሻ ነው፤ የመጀመሪያ አድማጮቹ ስደተኞች ናቸው። አድጎ ዝቩሉን ደብ ሲስተም ከተባለ የሬጌ ባንድ ጋር ዘፈነ። ይኼ ባንድ የኢትዮጵያን የቆዩ ዜማዎች በሬጌ የተጫወተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጊሊ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የራሱን አልበም አወጣ። በ2019 ደግሞ «ሜድ ኢን አምሃሪካ» ብሎ የሰየመውን ሥራ አወጣ። ርዕሱን አስተውሉት፤ አማርኛና አሜሪካን አንድ ቃል ውስጥ አስገብቷቸዋል። ካብራ ካሳይ የምትባለዋ ዘፋኝ ደግሞ የተወለደችው እዚያው ሱዳን መጠለያ ውስጥ ነው። ሳክስፎኒስቱ አባተ በሪሁንም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 እስራኤል ገብቶ ከፒያኒስት ይስሐቅ የዲድ ጋር ሆኖ «ራስ ዳሽን» ብለው የሰየሙትን አልበም ሠራ። እስራኤል ውስጥ ሆነው አልበማቸውን በሰሜን ተራራ ስም ጠሩት።

*

«ታዲያ ተስፋይቱ ምድር ገቡ አይደል? ምን ጎደላቸው?» የሚል ይኖራል። ጎደላቸው። እዚህ አይሁድ ተብለው የተገፉ ሰዎች እዚያ ሲደርሱ «የምር አይሁድ ናችሁ ወይ?» ተባሉ። የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት ፈጽሙ ብሏቸው እ.ኤ.አ. በ1985 እየሩሳሌም ውስጥ ሳምንታት የዘለቀ የተቃውሞ መቀመጥ አደረጉ። ሺህ ዘመን ኦሪት ሲጠብቅ የኖረ ሽማግሌ አይሁድነቱን እንዲያረጋግጥ ተጠየቀ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ኢትዮጵያውያኑ የሚለግሱት ደም በኤችአይቪ ስጋት በድብቅ ሲጣል እንደኖረ ታወቀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። እዚህ ዓይናቸውን ፈራን፣ እዚያ ደማቸውን ፈሩ።

በእንዲህ ያለ አገር የምታድግ ልጅ ምን ታደርጋለች? አስቴር በተለያዩ ቃለ መጠይቆች ተናግራዋለች፤ በልጅነቷ እንደ ሌሎቹ እስራኤላውያን ልጆች መሆን ስለፈለገች ከኢትዮጵያዊነቷ ትሸሽ ነበር። ወደ ቤቷ ባህል የተመለሰችው ካደገች በኋላ ነው። ይቺን ነገር ለመረዳት እስራኤል መሄድ አያስፈልግም። ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ የመጣ ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ እናቱ በአገሯ ዘዬ ስትጠራው አንገቱን ሲደፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ያው ነው።

መመለሻውን የከፈተው ደግሞ ሙዚቃ ነው። ኢዳን ራይኸል የሚባል እስራኤላዊ ሙዚቀኛ ኢትዮጵያውያን ልጆች በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሠራ የአማርኛ ዘፈን ሰማ። እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው አልበም ውስጥ የአማርኛ ድምፅ ከዕብራይስጥ ጋር ሰፋ፤ ካብራ ካሳይም አብራው ዘፈነች። አልበሙ አገሩን አዳረሰ። ከወላጆች ሳሎን ያልወጣ ቋንቋ በአንድ ጊዜ በየመኪናው ሬዲዮ ተሰማ። ልጆቹ ያፈሩበት ነገር ይሰማል፣ ይወደዳል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እነ አስቴርና እነ ጊሊ ራሳቸው መድረኩን ያዙት፤ የሌላ ሰው ዘፈን ቅመም መሆናቸው ቀርቶ ወጡን ራሳቸው ሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ስግድን፣ ማለትም ከስርየት ቀን 50 ቀን በኋላ ተራራ ወጥተው የሚጸልዩበትን በዓል፣ ብሔራዊ በዓል አድርጎ አጸደቀው። ከጎንደር አምባዎች የተወሰደ በዓል ዛሬ እየሩሳሌም ውስጥ የሚከበር ነው።

ስለዚህ ወደ ለቡው ጠረጴዛ ክርክር ስንመለስ እኔ የምለው እንዲህ ነው። «የእኛ ናት» የሚለው ልክ ነው፤ ዜማው የእኛ ነው፣ ቋንቋው የእኛ ነው። «እስራኤላዊት ናት» የሚለውም ልክ ነው። ግን «የእኛ» የሚለው ቃል ዋጋ አለው። ሰው ግላስተንበሪ ሲደርስ ብቻ የእኛ፣ ደጃችን ሲቆም «እነዚያ» ሊሆን አይችልም። ዘፈኑን የወሰደ ጀበናውንም ይውሰድ፣ የተከለከለውን ርስትም ይቁጠር፣ በነጠላ የተሸፈነውን የልጅ ፊትም ያስታውስ። ደግሞ ይህ ሙዝየም ውስጥ ያለ ታሪክ አይደለም። ባለ እጅ ዛሬም አለ። ሸክላ ሠሪዋ ዛሬም አለች፤ ሠርግ ላይ ቤተሰብ «ዘሯ ምንድን ነው?» ብሎ ሲያጣራ ዛሬም ድምፅ ዝቅ ይላል። ቤተ እስራኤሎቹ ሄደዋል፣ ዝቅ ያለው ድምፅ ግን እዚሁ ቀርቷል።

በቅርቡ ለእምዬ «ናኑ ነይ»ን በስልኬ ከፈትኩላት። ጆሮዋ ደከም ስላለ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ሰማች።

«የሙሉቀን አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«ነው እምዬ። የምትዘፍነው ግን ሌላ ናት።»

«ድምጿ ደግ ነው። የማን ልጅ ናት?»

«በ77 በሱዳን አድርገው እስራኤል የገቡ ሰዎች ልጅ ናት። የቤተ እስራኤል።»

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ትንሽ ቆየች። «ሌሊት ነው የሄዱ» አለች። «ለዚያች ለሸክላ ሠሪዋ ምጣድ አዝዣት ነበር። ላመጣ ብሄድ ቤቱ ክፍቱን ነው፣ ሰው የለም። ምጣዴን ሠርታ፣ አሟሽታ፣ ደጃፉ ላይ አስቀምጣልኛለች።»

«ሂሳቧን ከፍለሻት ነበር?»

«መቼ ከፈልሁ!» አለች እምዬ። «ስመጣ እሰጥሻለሁ ብያት ነበር።»

ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና «እስቲ ድገመው» አለችኝ።